ፕሮግራሚንግና ሲስተም አናሊሲስ ለሚማሩ፦ ከዓሣ መረከቢያው ደብተር እስከ ዲፌንስ

ባሕር ዳር ውስጥ ኮምፒውተር የሚማር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ኮርሶች ለየብቻ ነው የሚያያቸው፦ ፕሮግራሚንግ ላብ ውስጥ የሚለፋበት፣ ሲስተም አናሊሲስ (አንድ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ አጥንቶ ሲስተም መንደፍ) ደግሞ በፈተና ዋዜማ ከሃንድአውት የሚሸመደድ። ሎፕ (ትእዛዝን ደጋግሞ ማሠራት) ያልገባው ተማሪ ሚድ ላይ ይነቃበታል፤ ገና የማስተካከያ ጊዜ አለው። አናሊሲስ ያልገባው ግን የሚነቃበት በመመረቂያ ፕሮጀክቱ ነው፤ ያኔ ወደ ኋላ መመለሻ የለም። ስለዚህ እዚህ ላይ ሰፋ አድርገን የምንሄደው በሁለተኛው ነው።

በቴክኒክና ሙያ የገባችሁ በየደረጃው የብቃት ምዘና ይጠብቃችኋል፤ ምዘናው የተግባር ሥራም ስላለበት ሠርቶ ማሳየትን ይጠይቃል። በዲግሪ የገባችሁ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለባችሁ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ለሁለቱም ዝግጅቱ አንድ ነው።

ላፕቶፕና መብራት

ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ የሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ለኮርሶቹ ይበቃል። በ4 ጊጋባይትም ሲ-ፕላስ-ፕላስ፣ ፓይተንና ዳታቤዝ ይሠራል፤ አንድሮይድ ስቱዲዮ ግን ያንቃችኋል። ገንዘብ ካጠረ ከፕሮሰሰሩ ይልቅ ለኤስኤስዲው ክፈሉ፤ በድሮው የሚሽከረከር ዲስክ ኤዲተር እስኪከፈት ቡና ይፈላል። ያገለገለ ስትገዙ ባትሪውን ሱቁ ውስጥ ፈትኑት፦ ቻርጀሩን ንቀሉና ቪዲዮ እያጫወታችሁ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ከ100 ተነስቶ 60 ውስጥ ከገባ የባትሪውን ዋጋ ቀንሱ።

መብራት በድንገት ሲጠፋ የሚጎዳው ዳታቤዙ ነው። ዛምፕ (አፓቼ የተባለውን የድረ ገጽ ሰርቨርና ማይኤስኪውኤል የተባለውን ዳታቤዝ አብሮ የሚጭን ጥቅል) የምትጠቀሙ ከሆነ ማይኤስኪውኤል እየጻፈ እያለ ማሽኑ ከጠፋ፣ በማግሥቱ ዳታቤዙ አልነሣም ሊል ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሥራ ስትጨርሱ የዳታቤዙ ማስተዳደሪያ ገጽ ከሆነው ፒኤችፒማይአድሚን ላይ ኤክስፖርት አድርጉና የወጣውን ፋይል ከኮዱ ጋር አብራችሁ አስቀምጡ። አፓቼ ካልነሣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 80ኛው ፖርት በሌላ ፕሮግራም ተይዟል፤ በኮንፊገሬሽኑ ውስጥ ወደ 8080 ቀይሩት።

ለኮዱ ጊትን (የኮዱን ለውጥ በየደረጃው የሚመዘግብ ፕሮግራም) ገና ከመጀመሪያው ሴሚስተር ልመዱ። ኢንተርኔት ከሌለ ጊት አይሠራም የሚል ወሬ አለ፤ ስሕተት ነው። ኮሚት (ለውጡን መመዝገብ) የሚደረገው እዚያው ማሽናችሁ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት የሚፈልገው ከሩቅ ሰርቨር ጋር መላላኩ፣ ማለትም እንደ ፑሽና ፑል ያለው ነው። በፍላሽ ብቻ መመካት የሚያዋጣ አይደለም። የላብ ማሽኖች ላይ የሚዞረው የሾርትከት ቫይረስ ፎልደራችሁን ይደብቅና በምትኩ ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ተማሪው ፋይሉ የጠፋ መስሎት ፎርማት ሲያደርገው በእርግጥ ያጠፋዋል። ከፎርማት በፊት የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምርጫ ክፈቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥራችሁ እዚያው ነው።

ኮድን በወረቀት መከተል

በኮሌጅ ፈተና ላይ ኮድ የሚጻፈውም የሚነበበውም በወረቀት ነው። ኤዲተሩ ቀይ መስመር እያሠመረ የሚያርማችሁ ከሆነ፣ ፈተና ክፍል ስትገቡ እጃችሁ ባዶ ይሆናል። በቀን አንድ ሰዓት በቁልፍ ሰሌዳ ከሠራችሁ ሩብ ሰዓቷን ለወረቀት ስጡ።

አሠራሩ ይኸው። ሦስት ዓሣ ተመዝኗል እንበል፤ 4፣ 7 እና 5 ኪሎ። አማካዩን የሚያወጣ ኮድ በሲ-ፕላስ-ፕላስ ጽፋችኋል። ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ አንድ ዓምድ ለቆጣሪው፣ አንድ ለተነበበው ክብደት፣ አንድ ለድምሩ። ቆጣሪው 0 ሲሆን ክብደቱ 4፣ ድምሩ 4፤ 1 ሲሆን 7፣ ድምሩ 11፤ 2 ሲሆን 5፣ ድምሩ 16። እዚህ ላይ መቆም ነበረበት። ሎፑን የጻፋችሁት «ከ3 እስካነሰ» ሳይሆን «3 እስኪሆን፣ 3ንም ጨምሮ» ብላችሁ ከሆነ ግን አራተኛ ረድፍ ይመጣል። ክብደቶቹ በተርታ የተቀመጡበት አሬይ አራተኛ ሣጥን የለውም። ሲ-ፕላስ-ፕላስ «የለም» ብሎ ላይጮህ ይችላል፤ ከጎን ያለውን ማንኛውንም ቁጥር አንሥቶ ይደምርላችኋል። ውጤቱ አንዳንዴ ትክክል መስሎ ይወጣል፤ የሚያስጠላውም ይኸው ነው።

ከዚያ 16ን ለ3 ስታካፍሉ 5.33 ጠብቃችሁ 5 ብቻ ታገኛላችሁ። ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ሆነው ስለታወጁ ክፍልፋዩ ተቆርጦ ቀርቷል፤ አንዱን ወደ ደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር) ለውጡት። ሌላው ጀማሪን የሚያሳብደው ቁጥር በሲን (አንድ ዋጋ በሚያነበው ትእዛዝ) ካነበቡ በኋላ ስም በጌትላይን (ሙሉ መስመር በሚያነበው) ማንበብ ነው፦ ፕሮግራሙ ስሙን ሳይጠይቅ ያልፋል። ከቁጥሩ በኋላ የተጫናችሁት የኢንተር ምልክት እዚያው ቀርቶ፣ ጌትላይን እሱን እንደ ባዶ ስም ወስዶታል። በመሀል ያንን ምልክት የሚያስጥለውን ኢግኖር ጨምሩ።

ስሕተት ሲመጣ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ብቻ አርሙና እንደገና ኮምፓይል አድርጉ። አንዲት የተረሳች ሴሚኮለን 20 መስመር ስሕተት ትወልዳለች።

አናሊሲስ፦ ደብተሩን ማየት

ለልምምድ የሐይቁ ዳር የታወቀውን ሥራ እንውሰድ። አጥማጁ በደንገል ታንኳ ወይም በሞተር ጀልባ ዓሣ ያመጣል፤ ተረካቢው ቀረሶውን፣ አምባዛውንና ነጭ ዓሣውን ለይቶ ይመዝናል፤ በደብተር ይጽፋል፤ ይከፍላል። «የዓሣ ርክክብ ሲስተም» ተብሎ ቢሰጣችሁ ብዙው ቡድን ቀጥታ ሎግኢን ገጽ መሥራት ይጀምራል። ተዉት፤ ሎግኢን ማንም ይሠራል።

መጀመሪያ ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ አውጡ፤ ያለ ደብዳቤ ደብተር የሚያሳያችሁ የለም። ከዚያ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ሂዱ። ጠዋት ጀልባ ሲገባ ጥያቄ ይዞ የሚቆም ተማሪ ሚዛኑ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ነው። ቃለ መጠይቁን በቀጠሮ፣ ምልከታውን ግን በሥራው ሰዓት፣ ጥግ ይዛችሁ፣ ዝም ብላችሁ።

«ምን ዓይነት ሲስተም ይፈልጋሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ጥሩ ሲስተም» ነው። ይልቅ የሆነውን አስተርኩ፦ «ጋሼ፣ ትናንት የመጨረሻውን ዓሣ ሲመዝኑ ከሚዛኑ በኋላ ምን አደረጉ? የት ጻፉት? አጥማጁ ብሩን ያኔውኑ ተቀበለ?» ሰው ስለ ሥራው በጥቅሉ ሲጠየቅ ደንቡን ይናገራል፤ ስለ ትናንት ሲጠየቅ የሆነውን ይናገራል። ሥርዓቱ የሚሠራው ለሁለተኛው ነው።

ከዚያ ደብተሩን ጠይቁ። ተረካቢው «በዕለቱ እንከፍላለን» ብሎ ሳለ ደብተሩ ውስጥ ስሞች ተከብበው፣ ከጎናቸው «ቀሪ» ተብሎ ቁጥር ተጽፎ ልታገኙ ትችላላችሁ። ያ ክብ ለእናንተ አንድ ሙሉ ቴብል (የዳታቤዝ ሠንጠረዥ) ነው፦ ዱቤ። በዳር በኩል በሌላ ቀለም «መረብ» የሚል ካለ ደግሞ አጥማጁ መረብ በብድር ወስዶ ከዓሣው እየተቆረጠበት ሊሆን ይችላል፤ ጠይቁ። ፎርም ላይ የሌለ፣ በእስክሪብቶ ዳር ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ የአናሊስት ምርት ነው። ሲፈቀድላችሁ ሦስት ገጽ ፎቶ አንሡ፤ ስሞቹን ግን ሪፖርታችሁ ላይ ሸፍኑ።

አሁን ንድፉ፣ መረጃ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ የሚያሳየው ሥዕል። መጀመሪያ ሲስተሙን አንድ ክብ አድርጉት፤ ዙሪያውን አጥማጁን፣ ተረካቢውን፣ ገዢውን በአራት ማዕዘን አስቀምጡ፤ በቀስት አገናኙ። በእያንዳንዱ ቀስት ላይ የሚጻፈው ግሥ ሳይሆን ስም ነው፦ «የተመዘነ ዓሣ»፣ «የክፍያ ደረሰኝ»። ከዚያ ክቡን ከፍታችሁ ወደ አራት አምስት ሂደት ከፋፍሉት። መምህራን ቶሎ የሚቀጡባቸው ሦስት ስሕተቶች አሉ። አንዱ አጥማጁን በቀጥታ ከዳታ ማከማቻ ጋር ማገናኘት፤ በመሀል ሂደት ያስፈልጋል። ሁለተኛው የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት የሌለው ሂደት። ሦስተኛው ምንም ሳይገባበት ሪፖርት የሚያወጣ ሂደት፤ ያለ ዱቄት እንጀራ እንደማለት ነው።

ቴብሎቹ ላይ ስትደርሱ ደብተሩን እንዳለ አትገልብጡት። ደብተሩ «ዓሣ 1፣ ዓሣ 2፣ ዓሣ 3» የሚሉ ዓምዶች ይኖሩታል፤ አራት ዓይነት ያመጣ አጥማጅ የት ይጻፋል? አንድ ርክክብ አንድ ረድፍ፣ በሥሩ ያሉት የዓሣ ዓይነቶች ደግሞ በሌላ ቴብል እያንዳንዳቸው አንድ ረድፍ ይሁኑ። ኖርማላይዜሽን የሚባለው ነገር ግማሹ ይኸው ነው።

ዋጋ ላይ ግን ብዙው ይወድቃል። የዓሣ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል፤ በጾምና በፍስክም ይለያያል። ዋጋውን በዓሣ ዓይነት ቴብል ውስጥ ብቻ አስቀምጣችሁ ርክክቡ ከዚያ እንዲያነብ ካደረጋችሁ፣ ዛሬ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር የአምና ሒሳብ አብሮ ይለወጣል። የዕለቱን ዋጋ በርክክቡ ረድፍ ውስጥ ቅዱና አስቀምጡ። ይህ ድግግሞሽ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ አንዱ የዛሬ ዋጋ ነው፣ ሌላው ያን ቀን የተከፈለ ዋጋ። ብሩን ደግሞ በፍሎት አታስቀምጡ፤ ኮምፒውተሩ 0.1 እና 0.2 ደምሮ 0.30000000000000004 የሚልበት ዓይነት ነውና። ዴሲማል ተጠቀሙ፣ ወይም ሁሉን በሳንቲም በሙሉ ቁጥር ያዙ።

አማርኛው፣ ስሙና ቀኑ

የውጭ መማሪያዎች የማያስተምሯችሁ፣ እዚህ ግን በየፕሮጀክቱ የሚመጣ ነው።

ፊደል፦ በዩቲኤፍ 8 (ፊደላትን በባይት የማስቀመጫ ስልት) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ «ታደሰ»ን ሲ-ፕላስ-ፕላስ ርዝመቱን ብትጠይቁት 9 ይላችኋል፤ ፓይተን 3 ግን 3 ይላል። ዳታቤዙ ውስጥ ስሙ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከወጣ የቴብሉንና የኮኔክሽኑን ካራክተር ሴት ወደ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ቀይሩ። ሁለቱንም፤ አንዱን ብቻ መቀየር የተለመደ ጥፋት ነው።

ፍለጋ፦ አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ» ይላል፣ ሌላው «ሀይሉ»፤ ሲስተሙ ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል። ስሙን እንደተጻፈ አስቀምጡና ለፍለጋ ብቻ ሌላ ዓምድ ጨምሩ፦ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነሆሄያቸው ተለውጠው የሚገቡበት። ራብዑን ሃንና ኣንም ወደ ግዕዙ ሀና አ መልሱ፤ ካልሆነ «ኃይሉ» ወደ «ሃይሉ» ይለወጥና ከ«ሀይሉ» ጋር አሁንም አይገናኝም። ፈላጊው የሚጽፈውንም ቃል በዚያው ማጣሪያ አሳልፉት።

ስም፦ «የቤተሰብ ስም» የሚል ዓምድ አታበጁ። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ሦስት ዓምድ ነው። ሦስቱም የሚመሳሰል ሰው ስለሚኖር ስም ፕራይመሪ ኪይ (አንዱን ረድፍ ከሌላው የሚለየው መለያ) አይሆንም።

ቀን፦ ይህኛው ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚያበላሸው። ተጠቃሚው የካቲት 30 ቀን 2017 ብሎ 2017-06-30 ቢያስገባ፣ ዳታቤዙ የፈረንጆቹ ሰኔ ወር መስሎት ደስ ብሎት ይቀበላል፤ ትክክለኛው ግን በፈረንጆች ማርች 9 ቀን 2025 ነው። ጥቅምት 30ን ስታስገቡ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ወይ ይመልሰዋል ወይ እንደ አቀማመጡ በዜሮ ይሞላዋል፤ ጳጉሜንም እንዲሁ፣ 13ኛ ወር ስለማያውቅ። ስለዚህ ለሙከራ የካቲት 30ን፣ ጥቅምት 30ንና ጳጉሜን 5ን አስገቡ። መፍትሔው ዳታቤዝ ውስጥ የፈረንጁን ብቻ ማስቀመጥ፣ ስክሪን ላይ ሲወጣና ሲገባ መለወጥ ነው። ሰዓቱም በስድስት ይለያያል፤ ተረካቢው «በ2 ሰዓት» ሲል ጠዋት 8 ማለቱ ነው።

ዲፌንስ

ዲፌንስ ማለት ፕሮጀክታችሁን በፈታኞች ፊት አቅርባችሁ ማስረዳት ነው። በቡድን ስትከፋፈሉ «አንተ ዶክመንት፣ እኔ ኮድ» አትበሉ። ኮድ የጻፈው ንድፉን አላነበበም፣ ንድፉን የሣለው ኮዱን አላየም፤ ፈታኞች ደግሞ የሚጠይቁት ይህንኑ ስፌት ነው፦ «ይህ ቀስት ኮዱ ውስጥ የት አለ?» እያንዳንዱ አንድ ክፍል ከቃለ መጠይቁ እስከ ቴስቱ ይያዝ፤ አንዱ ርክክብን፣ አንዱ ዱቤን፣ አንዱ ሪፖርትን።

የዲፌንሱ ቀን ዛምፑን ከመግባታችሁ በፊት አስነሡ፤ ኤክስፖርት የተደረገውን ዳታቤዝ በሁለተኛ ላፕቶፕ ላይ ጭኑ፤ ገጾቹ ከኢንተርኔት የሚጠሩት ቡትስትራፕ (የገጽ ማስዋቢያ ኮድ) ካለ አውርዳችሁ ፎልደሩ ውስጥ አድርጉት፤ አለዚያ ኔትወርክ ሲጠፋ ገጹ ራቁቱን ይወጣል። ፕሮጀክተሩ ቪጂኤ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ከኤችዲኤምአይ የሚቀይረውን ገመድ ከዋዜማው ያዙ። ባዶ ዳታቤዝ ይዛችሁም አትቅረቡ፤ ቢያንስ 30 ርክክብ፣ ከነዱቤው፣ ከነጳጉሜው አስገቡበት።