ጣት የሚያስከፍሉ የእጅ ሰርኩላር ስህተቶች

በእጅ መጋዝ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ሥራ የእጅ ሰርኩላር፣ ማለትም ጥርሳም ክብ ዲስክ ያለው በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። በየሰፈሩ ያሉ የእንጨት ሥራ ቤቶች በር፣ ቁም ሳጥንና አልጋ በቶሎ ሊያደርሱ የቻሉት በእሱ ነው። ፍጥነቱ ግን ቀላል አይደለም። የተለመደው 185 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር፣ ጥርሱ በሰከንድ 48 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሰዓት ሲሰላ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚህ ላይ «ሲመጣ አይቼ እጄን እሰበስባለሁ» ብሎ ነገር አይሠራም። ስለዚህ ጥንቃቄው ማብሪያው ከመጫኑ በፊት ማለቅ አለበት። ቀጥሎ ከማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹም የሚፈጸሙት ዲስኩ ገና መዞር ሳይጀምር ነው።

1. ጣውላን በሁለት ጫፉ አስደግፎ መሃሉን መቁረጥ

ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጣውላው በሁለት ብሎኬት ወይም በሁለት ዱካ ላይ ይጋደምና ሠራተኛው መሃሉን መቁረጥ ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ደህና ይሄዳል። ዲስኩ ከግማሽ ሲያልፍ ግን ያልተቆረጠው እንጨት ክብደቱን መሸከም ያቅተዋል፤ መሃሉ ይረግባል። ያኔ ዲስኩ የከፈተው ቅድ ከላይ ይገጥምና ዲስኩን ይነክሰዋል። ሞተሩ አሁንም ኃይል እየሰጠ ነው፤ ዲስኩ መዞር ሲከለከል ኃይሉ ማሽኑን ራሱን ይገፋዋል። ከታች ያሉት ጥርሶች ወደ ፊት ስለሚገፉ ማሽኑ ከቅዱ ተስፈንጥሮ ወደ ኋላ፣ ማለትም ወደያዘው ሰው ይመጣል። በመንገዱ የሚያገኘው ጭን ወይም ጣውላውን የያዘውን ግራ እጅ ነው።

መፍትሔው ከመቁረጥዎ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ተቆርጦ የሚቀረው ቁራጭ ወዴት ይሄዳል? አጭር ቁራጭ ከሆነ ዋናውን ጣውላ ባንኮ (የሥራ ጠረጴዛ) ላይ በሞርሳ (ማጥበቂያ) አስረው ቁራጩ በነጻነት እንዲወድቅ ይተዉት። ሙሉ ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨቶች ተደራርበው የተጣበቁበት ሰሌዳ) ወይም ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝና ከሙጫ የተጨመቀ ሰሌዳ) ከሆነ መሬት ላይ አራት ሞራሌ፣ ማለትም ረጃጅም ቀጫጭን እንጨቶች፣ ይደርድሩ፤ ከመቁረጫው መስመር በዚህ በኩል ሁለት፣ በዚያ በኩል ሁለት። እንዲህ ሲሆን ቅዱ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም ወገን ባለበት ይቀመጣል፤ የሚረግብም የሚገጥምም የለም።

ረዳት ካለዎት አስቀድመው ይንገሩት። ልጁ ሊያግዝ ብሎ የቁራጩን ጫፍ ወደ ላይ ብድግ ሲያደርገው ቅዱን ከላይ ይዘጋዋል፤ ጥሩ ያሰበው እጅ አደጋውን ያመጣል። የረዳት ሥራ ቁራጩን በነበረበት ልክ መያዝ እንጂ ማንሳት አይደለም።

እርጥብ ባሕር ዛፍ ደግሞ በደንብ ተደግፎም ቅዱን ሊዘጋ ይችላል። ግንዱ ውስጥ ታምቆ የቆየው ውጥረት በቁመቱ ሲሰነጠቅ ይለቀቅና ሁለቱ ጎኖች ይጣመማሉ። በቁመት ሲቀዱ ቅዱ እየጠበበ ከመጣ ማሽኑን ያጥፉ፣ ዲስኩ ቀጥ እስኪል ይጠብቁ፣ ከዚያ ከኋላ በኩል ቀጭን ሽብልቅ ሰክተው ይቀጥሉ። ዲስኩ እየዞረ ማሽኑን ወደ ኋላ አይሳቡት። ከመስመሩ ሲወጣም እየጠመዘዙ ለመመለስ አይታገሉ፤ አጥፍተው፣ አውጥተው እንደገና ይጀምሩ። አቋቋምዎም ከመስመሩ ወደ ጎን ፈንጠር ያለ ይሁን። ማሽኑ ተመልሶ ቢመጣ እንኳ የሚያልፈው በአጠገብዎ ይሆናል።

2. የታችኛውን መከለያ አስሮ መሥራት

ስፕሪንግ ያለው የታችኛው መከለያ እንጨቱ ሲገፋው ይከፈታል፤ ቁርጡ ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል። በስንት ሥራ ቤት ግን በሽቦ ታስሮ ወይም በስባሪ እንጨት ተሰቅፎ ይታያል! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰያፍ ሲቆረጥ ወይም ከጠርዝ ላይ ስስ ሲላጥ መከለያው እየያዘ ሥራ ያጓትታል። ለዚያ ግን መከለያው ላይ ትንሽ ማንሻ ተሠርቶለታል። ዲስኩ እንጨቱ ውስጥ እስኪገባ ድረስ በማንሻው ከፍ ያደርጉትና ይለቁታል።

የታሰረ መከለያ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ከቁርጡ በኋላ ነው። ማብሪያውን ለቀውም ዲስኩ ለተወሰኑ ሰከንዶች መዞሩን ይቀጥላል። ሰው ሥራው አልቋል ብሎ ማሽኑን ወደ ጎኑ ዝቅ ሲያደርግ ያልተሸፈነው ጥርስ ጭኑ ዘንድ ይደርሳል። መሬት ላይ ቢያስቀምጠው ደግሞ ጥርሱ ወለሉን ነክሶ ማሽኑን ያስሮጠዋል።

በየጠዋቱ፣ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ፣ መከለያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ይልቀቁት። ወዲያው ጥርቅም ብሎ ካልተዘጋ የዛፍ ሙጫና ሰጋቱራ ይዞታል ማለት ነው፤ በደረቅ ብሩሽ ያጽዱት። ስፕሪንጉ ከደከመም ይቀይሩት። ያገለገለ ማሽን ሲገዙ ደግሞ ሻጩ የሞተሩን ድምፅ ከማሰማቱ በፊት እርስዎ መከለያውን ይፈትሹ። መከለያው የወለቀ ማሽን በምንም ዋጋ አይገዛም።

3. ግራይንደር ላይ የእንጨት መቁረጫ ዲስክ ማሰር

ስለዚህ ጉዳይ መሃል ሰፋሪ መሆን አልችልም። ሰርኩላር ውድ ነው፣ ብረት መቁረጫና ማለስለሻው ግራይንደር ግን በየቤቱ አለ፤ ስለዚህ ጥርስ ያለው ዲስክ ግራይንደር ላይ ታስሮ ጣውላ ይቆረጥበታል። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል፤ ከሰርኩላሩ እጥፍ ይበልጣል። እንጨቱ ላይ የሚያርፍ መቀመጫ ብረት የለውም፤ ስለዚህ ጥልቀቱንም አቅጣጫውንም የሚጠብቀው የእርስዎ ክንድ ብቻ ነው። መከለያው ግማሹን ብቻ ይሸፍናል፤ እሱንም ብዙዎች ያወልቁታል። ማብሪያው ደግሞ በአብዛኛው ተገፍቶ የሚቀር ነው፤ ማሽኑ ከእጅ ቢያመልጥም መዞሩን አያቆምም። ጥርሱ አንድ ጉጥ ሲነክስ ግራይንደሩ ወደ ፊትዎ፣ ወደ አንገትዎ ወይም ወደ እጅ አንጓዎ ይዘላል። ሰርኩላር መግዛት ካልተቻለ የእጅ መጋዝ ይሻላል። ዘገምተኛ ቢሆንም ሥራውን ይሠራዋል።

4. ዲስኩን እስከ መጨረሻው ማውረድ

18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ለመቁረጥ 60 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አያስፈልግም። ዲስኩ ከእንጨቱ ሥር የአንድ ጥርስ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ ቢወጣ ይበቃል። የተረፈው ሁሉ ከሥር ለጣት፣ ለገመድና ለባንኮው የተዘረጋ ስለት ነው። እንጨቱን ከታች በእጅ ደግፎ መቁረጥም ፈጽሞ አይሞከር።

5. ትንሽ ቁራጭን በእጅ ወይም በእግር ይዞ መቁረጥ

«አንዴ ብቻ ነው፣ ሞርሳ ማምጣት አያስፈልገውም» የምትለው ቃል ብዙ ጣት ወስዳለች። የእጅ ሰርኩላር ሁለት እጀታ የተሠራለት ሁለቱም እጆች ማሽኑ ላይ እንዲሆኑ ነው። ቁራጩ ለማሰር ካነሰ በዚህ ማሽን ለመቁረጥም አንሷል፤ በእጅ መጋዝ ይቁረጡት። ወይም ሳያሳጥሩት፣ ገና ረጅም ጣውላ ሳለ ይቁረጡት።

6. የደነዘዘ ወይም ያልተገባ ዲስክ

ማሽኑ በጉልበት ካልተገፋ አልሄድ ካለ፣ የእንጨቱ ጠርዝ ከጠቆረ፣ ሽታው የተቃጠለ ከሆነ ዲስኩ ደንዝዟል። በጉልበት የሚገፋ ሰው ቁርጡ ድንገት ሲያልቅ ሚዛኑን ያጣል። 24 ጥርስ ያለው በቁመት ለመቅደድ፣ 40 እና ከዚያ በላይ ያለው ለአግድም ቁርጥና ለኮምፔንሳቶ ይሆናል። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት ከማሽኑ ፍጥነት ማነስ የለበትም። የመሃል ቀዳዳውም ከማሽኑ ጋር በልኩ መግጠም አለበት፤ ሰፊውን በቆርቆሮ ሸጉጦ ማሰር አደጋ ነው።

አርማታ ሲሞላበት የነበረን ጣውላ ለሌላ ሥራ የሚያውሉ ከሆነ ከመቁረጥዎ በፊት ሚስማሩን ይንቀሉ፤ የደረቀውን ሲሚንቶም ይፋቁ። እግረ መንገዴን፦ ጥርሱ እንጨቱን ከሥር ወደ ላይ ስለሚቆርጥ የሚፈነጣጠረው የላይኛው ገጽ ነው፤ የሚያምረውን ገጽ ወደ ታች አድርገው ይቁረጡ።

7. መብራቱን መዘንጋት

እየቆረጡ መብራት ቢጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ጣትን ከማብሪያው ማንሳትና ሶኬቱን መንቀል ነው። በተለይ ማብሪያው ተጭኖ የሚቀር ዓይነት ከሆነ፣ ወይም ጣት እንዳይደክም ብሎ የሆነ ሰው በፕላስተር አስሮት ከሆነ፣ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ሰው በሌለበት ይነሳል። ዲስክ ሲቀየርም እንዲሁ ነው፤ ማጥፋት አይበቃም፣ ይነቀል። ባትሪ ከሆነ ባትሪው ይውጣ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ማሽን ከሆነ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። 120 ቮልት የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፤ የማሽኑን ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ይፈልጋል። በቀጭን ረጅም ማከፋፈያ መሥራትም ኃይሉን ያሳንሰዋል። ሞተሩ ይግላል፣ ዲስኩ እንጨት ውስጥ ይቆማል።

8. ልብስ፣ ዓይንና ትንፋሽ

ሰፊ እጅጌ፣ የተንጠለጠለ ሻርፕና ነጠላ፣ ቀለበት አይኑር። የፀሐይ መነጽር የዓይን መከላከያ አይደለም። ጆሮም መሸፈኛ ይፈልጋል። የእንጨት ብናኝን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ብሎ ከመደበው ቆይቷል፤ የኤምዲኤፍ ብናኝ ደግሞ ሙጫም አለበት። በጨርቅ አፍንጫን መሸፈን ደቃቁን አያስቀርም፤ የብናኝ ማስክ ያድርጉ፣ ከተቻለም ደጅ ይቁረጡ።

9. ከጉዳት በኋላ የሚሠሩ ስህተቶች

ቁስል ላይ የተፈጨ ቡና መነስነስ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። አያድርጉት፤ ቁስሉን ያቆሽሻል፣ የሐኪሙንም ሥራ ያከብዳል። በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑት፣ እጁን ከልብ በላይ ከፍ ያድርጉ፣ ጨርቁን እየገለጡ አይመልከቱ። ጣት ከተቆረጠ የተቆረጠውን ይፈልጉት። በረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ሥጋውን ይጎዳዋል፤ አረቄ ወይም አልኮል ውስጥ መንከርም እንዲሁ። በንጹሕ ውኃ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ፌስታል ውስጥ አስገብተው አጥብቀው ይቋጥሩት፤ ከዚያ ፌስታሉን በረዶና ውኃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። መኪና ቀድሞ ከተገኘ አይጠብቁ፤ ጣቱ የተቆረጠበትን ሰዓትም ለሐኪሙ ይንገሩ።