የልጄን ታብሌት እንዴት እንዳስተካከልኩት

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። በቀደም እማዬ ከአዲስ አበባ ደወለችና የ5 ዓመቱን ልጄን «ምሳ በላህ የኔ ጌታ?» አለችው። «ሻት አፕ!» አላት። «ምን አለኝ?» ስትለኝ «ጠግቤያለሁ ነው ያለሽ» ብዬ ሸፈንኩለት። ላብ አሰመጠኝ።

ማታ ታብሌቱ ላይ ያያቸውን ቪዲዮዎች ዝርዝር ከፈትኩ። የመጀመሪያው የፊደል መዝሙር ነው። ከዚያ አንዱ ሌላውን እየጎተተ፣ ስምንተኛው ላይ ጌም እየተጫወተ የሚሳደብ ጎረምሳ! ልጁ አልመረጠውም። ቀጣዩን በራሱ የሚያጫውተው አውቶፕሌይ ነው ያመጣው።

መጀመሪያ ታብሌቱን ደበቅኩት። ሁለት ቀን ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ።

የሠራልኝ ሌላ ነው። ለልጆች ተብሎ የተሠራውን የዩቲዩብ መተግበሪያ፣ ዩቲዩብ ኪድስን ጫንኩ። ጥግ ላይ ያለውን የቁልፍ ምልክት ነክቼ የማባዛት ጥያቄውን መለስኩ (ለጊዜው እሱ አይችለውም)። ሴቲንግ ውስጥ የልጁን ስም መርጬ፣ ወላጅ የፈቀደውን ብቻ የሚያሳየውን አማራጭ አበራሁ። ይሄ ሲበራ ፍለጋው ይዘጋል። ዋናው ቁም ነገር እሱ ነው። አውቶፕሌዩንም አጠፋሁ።

ከዚያ ቻናል በቻናል እያየሁ መፍቀድ። አንድ ማታ ሙሉ ፈጀብኝ። ስድብ ባይኖርባቸውም እናትና አባት ላይ የሚያሾፉትን ዘለልኳቸው። በአባባ ተስፋዬ ተረት ላደገ ሰው መለኪያው ትንሽ ጠበቅ ይላል። የአማርኛ ተረቶች በብዛት ጨመርኩ።

ትናንት እማዬ ስትደውል ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። «ተረት ተረት!» አላት።

«የላም በረት» አለች፣ እየሳቀች።