የቬንትሌተር መስመር ከጣሪያ መብራት አይቀጠልም

በመጋቢትና በሚያዝያ ባሕር ዳር ላይ ጥላ ሥር የቆመ መኪና እንኳ ውስጡ ይታፈናል። ጣና ዳር ለማደር ብላችሁ በአሮጌ የመኝታ መኪና ጣሪያ ላይ ባለ 12 ቮልት ቬንትሌተር የምታስገቡ ሁሉ፣ እባካችሁ መስመሩን ከጣሪያው መብራት አትቀጥሉ። ቅርብ ስለሆነ ያጓጓል። ነገር ግን ያ ሽቦ ለአንዲት አምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ነው፤ በዕድሜ ብዛትም ሽፋኑ ደርቋል። ቬንትሌተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ሽቦው ይግላል፤ የሚግለውም ከኮርኒሱ በስተጀርባ፣ ዓይን በማያየው ቦታ ነው።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፤ ከዚያ ራሱን የቻለ መስመር ከባትሪው አውጡ። እስከ 5 አምፔር ለሚወስድ ቬንትሌተር 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይበቃል። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ከእሱ ወዲያ ያለውን ሽቦ ብቻ ነውና። ፊውዙ ሲቃጠል በመዳብ ሽቦ የሚተኩ ሰዎች አሉ፤ ይህ በተኛችሁበት እሳት መጋበዝ ነው፣ በፍጹም አታድርጉት።

የቬንትሌተሩን ኔጌቲቭ ከመኪናው አካል ጋር በብሎን ስታስሩ ቀለሙንና ዝገቱን ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት። ቬንትሌተሩ እየደከመ የሚዞር ከሆነ ሞተሩን ከመቀየራችሁ በፊት ይህችን ብሎን እዩ።

ኮርኒሱን ሳትዘጉ አብሩትና ቀጭን ወረቀት አስጠጉ። አየር እንዲያስወጣ የተገጠመ ተራ ሞተር ወረቀቱን ወደ ላይ ካልሳበ፣ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ተቀያይረዋል።