የሁለት ጎረቤት አገሮችን የወሰን ክርክር እንዴት መመርመር ይቻላል? ለሰሜን ሸዋ መምህራንና ተማሪዎች የቀረበ መመሪያ

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና ወይም በመሐል ሜዳ የሚያስተምሩ የታሪክና የጂኦግራፊ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በአገሮች የወሰን ክርክር ላይ ሲያወያዩ ነገሩ ብዙ ጊዜ «መሬቱ ከጥንት የማን ነበር?» በሚለው ጥያቄ ተጀምሮ በዚያው ያልቃል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ዳኞች ጉዳዩን የሚይዙት ከዚያ ሳይሆን ከወረቀቱ ነው። ይህ መመሪያ የእነርሱን ቅደም ተከተል ይከተላል። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ የክርክሩን ዓይነት ለዩ። የየብስ ወሰን፣ የደሴት ባለቤትነትና የባሕር ወሰን በተለያየ ሕግ የሚዳኙ ሦስት ጉዳዮች ናቸው። የባሕር በር ጥያቄ ደግሞ ከሦስቱም ውጭ ነው። የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 125 ወደብ አልባ አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና በጎረቤት አገር የማለፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ዝርዝሩ ግን ከአሳላፊው አገር ጋር በሚደረግ ስምምነት እንዲወሰን ይተወዋል። የአሰብ ጭነት መኪኖች በጣርማ በር ዋሻ ሲመላለሱ በነበሩበት አገር ይህ ልዩነት በቀላሉ ስለሚዘነጋ፣ በክፍል ውስጥ አስቀድሞ ቢብራራ ይሻላል።

ቀጥሎ ውሉን ፈልጉ። የአፍሪካ መሪዎች በ1964 ካይሮ ላይ፣ አገሮች ነፃ ሲወጡ የነበራቸውን ወሰን እንደሚያከብሩ ስለተስማሙ፣ በአህጉሪቱ የሚነሳው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቅኝ ግዛት ዘመን ውሎች ይመልሳል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ወሰን መነሻም ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር በ1900፣ በ1902 እና በ1908 የተዋዋሏቸው ሦስት ውሎች ናቸው። ውሉ ሲገኝ መስመሩ በምን እንደተገለጸ ከቃሉ አውጥታችሁ ጻፉ፤ በወንዝ ነው፣ በተራራ ጫፍ፣ በሕዝብ አሰፋፈር ወይስ በርቀት?

ይህን ለማስረዳት ጣርማ በር ጥሩ መማሪያ ነው። ከሸንተረሩ በስተ ምዕራብ የሚወርደው ዝናብ በጀማ አድርጎ ወደ ዓባይ፣ በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። «ወሰኑ የውኃ መከፋፈያውን ይከተላል» የሚል ውል ቢኖር መስመሩን እዚያ ላይ ቆሞ ማሳየት ይቻላል። የወንዝ ወሰን ግን ይበልጥ ያስቸግራል፤ ወንዙ ሁለት ክንድ ሲኖረው ዋናው የትኛው ነው? ቦትስዋናና ናሚቢያ በቾቤ ወንዝ መካከል ስላለች አንዲት ደሴት የተሟገቱት በዚሁ ነበር። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ1999 የ1890ውን የእንግሊዝና የጀርመን ውል ተርጉሞ ዋናው መተላለፊያ የሰሜኑ ነው ሲል ደሴቲቱ ለቦትስዋና ሆነች።

ውሉ የጠቀሰው ቦታ መሬት ላይ በቁርጥ ካልታወቀስ? የ1902ቱ ውል ወሰኑ ከሰቲት ወንዝ «ማይተብ» ከተባለ ገባር ጋር እስከሚገናኝበት ድረስ ሄዶ ወደ መረብ እንዲታጠፍ፣ የኩናማ ሕዝብም በኤርትራ በኩል እንዲቀር ይላል፤ የትኛው ገባር እንደታሰበ ግን ብርቱ ክርክር አስነሣ። በ2000 በአልጀርስ ስምምነት የተቋቋመው አምስት አባላት ያሉት የወሰን ኮሚሽን ከውሉ ዓላማና ከቆዩ ካርታዎች ተነሥቶ በ2002 መስመሩን ከሰቲትና ከቶምሳ መገናኛ እስከ መረብና ማይ አንበሳ መገናኛ ድረስ ቀጥ አድርጎ አሰመረው። ውሳኔው ባድመ በየት በኩል እንደምትውል በስም አልገለጸም ነበርና የኢትዮጵያ መንግሥት ከተማዋ ለኢትዮጵያ እንደተወሰነች አስታወቀ። የመስመሩ ነጥቦች በካርታ ላይ ሲቀመጡ ግን ከተማዋ በኤርትራ በኩል ዋለች። ስለዚህ በማንኛውም የወሰን ውሳኔ ላይ ከመግለጫው በፊት የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሮቹን ከሰነዱ ቀድታችሁ በስልካችሁ ካርታ ላይ አስቀምጡ።

ከውሉ በኋላ የሚመጣው የመንግሥታቱ አድራጎት ነው። በገጠር የማሳ ወሰን ሲያከራክር ሽማግሌዎች ማን ሲያርሰው እንደኖረ እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ ዳኞችም ቦታውን ማን ሲያስተዳድር እንደኖረ ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን የሚቆጠረው የመንግሥት ሥራ ነው፤ ግብር መሰብሰብ፣ ዳኝነት መስጠት፣ ፖሊስ ማቆም። በቾቤው ክርክር በናሚቢያ በኩል የሚኖሩት የማሱቢያ ሰዎች በደሴቲቱ ላይ ማረሳቸው ለናሚቢያ ባለቤትነት አልበቃም። አንዱ ወገን በጽሑፍ ያመነው ነገር ደግሞ እጅግ ይመዝናል፤ የወሰን ከተማ የሆነችውን ጾረናን ኢትዮጵያ ራሷ የኤርትራ መሆኗን በጽሑፍ ክርክሯ ስለገለጸች የወሰን ኮሚሽኑ መስመሩን በዚያው መሠረት አስተካከለ።

የባሕሩ ክፍል ሌላ መሣሪያ ይጠይቃል፤ ማስመሪያና ኮምፓስ ያዙ። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። ከዳርቻው ተነሥቶ የግዛት ባሕር እስከ 12 የባሕር ማይል፣ አገሩ በባሕሩ ሀብት ብቻውን የሚጠቀምበት ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና እስከ 200 የባሕር ማይል ይደርሳል። ቀይ ባሕር በሰፊው ቦታ እንኳ 400 የባሕር ማይል ስለማይሞላ የትይዩ አገሮች ይዞታ መደራረቡ አይቀርም። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በዛሬ አሠራሩ በመጀመሪያ ከሁለቱ ዳርቻዎች እኩል የሚርቅ ጊዜያዊ መስመር ያሰምራል፤ ከዚያ መስመሩን የሚያስቀይር ልዩ ሁኔታ መኖሩን ያያል፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ የሚያገኘው የባሕር ስፋት ከዳርቻው ርዝመት ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን እንዳይሆን ይመዝናል። በ2021 በሶማሊያና በኬንያ ጉዳይ፣ ኬንያ የኬክሮስ መስመርን የተከተለ ወሰን ሶማሊያ በዝምታ ተቀብላለች ብትልም ፍርድ ቤቱ አልተቀበላትም፤ የእኩል ርቀቱን መስመር ግን በዳርቻው ወደ ውስጥ መጉበጥ ምክንያት ጥቂት ወደ ሰሜን አዘንብሎላታል።

ደሴት ካለ አስቀድሞ የደሴቱ ባለቤት ይለያል። ኤርትራና የመን በ1995 በሐኒሽ ደሴቶች ከተጋጩ በኋላ የግልግል ፍርድ ቤቱ በ1998 ባለቤትነቱን፣ በ1999 የባሕር ወሰኑን በየተራ ወሰነ። የዙቀርና የሐኒሽ ደሴቶች ለየመን፣ የሙሐባካና የሀይኮክ ደሴቶች ለኤርትራ ሆኑ፤ የሁለቱም አገር ዓሣ አጥማጆች የቆየ ልማዳቸው እንዳይቋረጥባቸውም ተደነገገ። ከብዙዎቹ ውሳኔዎች ይልቅ ተማሪዎች ይህን እንዲያነቡ እመክራለሁ፤ ከመስመሩ ባሻገር ሰዎቹን አስቧልና።

በስተመጨረሻ ሁለት ነገር መርምሩ። አንደኛው ሥልጣን ነው፤ ሁለቱም አገሮች በአንድ መንገድ ካልፈቀዱ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ማየት አይችልም። ሁለተኛው አፈጻጸም ነው። የባካሲ ልሳነ ምድር በ2002 ለካሜሩን ቢፈረድም ናይጄሪያ ርክክቡን ያጠናቀቀችው በ2006 ከተደረገ ሌላ ስምምነት በኋላ በ2008 ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራው ኮሚሽን ደግሞ ችካል መትከል ስላልቻለ በ2007 ወሰኑን በካርታ ነጥቦች ብቻ ለይቶ ሥራውን ዘጋ። ስለዚህ በማስታወሻችሁ ላይ ውሳኔ የተሰጠበትን፣ ችካል የተተከለበትንና ርክክብ የተፈጸመበትን ዓመት ለየብቻ መዝግቡ።