ወላጅ ደሴ ላይ አልጋ ሲይዙ፦ ጤና መድኑ የሚችለውና ከውጭ የሚላከው

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያሉ እናት ወይም አባት ስትሮክ መትቷቸው ወይም ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ሲይዙ፣ ውጭ አገር ያላችሁ ልጆች መጀመሪያ የምትጠይቁት «ጤና መድን አላቸው አይደል?» የሚለው ነው። ቢኖራቸውም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚከፍለው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ውስጥ ለተሰጠ አገልግሎት ነው፦ ለምርመራ፣ ለላብራቶሪ፣ ለአልጋ፣ ለቀዶ ሕክምና፣ ከዚያው ፋርማሲ ለወጣ መድኃኒት። ቤት የሚመጣ ነርስ፣ አስታማሚ፣ ዳይፐር፣ የአየር ፍራሽና የኮንትራት መኪና ከኪስ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤት ለቤት ብትዞር ሥራዋ ምክርና ክትትል እንጂ በሽተኛ ማጠብና ማገላበጥ አይደለም።

እንዲያም ሆኖ መድኑ አይናቅም። ለወሎ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ2003 ዓ.ም. ሙከራው ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የደሴ ጎረቤት ተሁለደሬ ነበር። ሆስፒታሉን መድኑ ከቻለው የእናንተ ገንዘብ ለቤቱ ይተርፋል።

አባል የሚኮነው በነዋሪነት ስለሆነ እናንተ መክፈል እንጂ መመዝገብ አትችሉም። የሚመዘገበውም ቤተሰቡ በሙሉ ነው። «እማዬን ብቻ» ማለት አያስኬድም፤ የታመመው ብቻ ከገባ የጋራ መዋጮው ቋት ይደርቃል። ወላጅ ልጃቸው ቤት የሚኖሩ ከሆነ ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎ በዚያ ቤተሰብ የመድን ደብተር ላይ ይገባሉ። መድኑ የተቋቋመው ደመወዝተኛ ላልሆነው ነዋሪ ስለሆነ፣ ወላጅ ጡረተኛ ከሆኑ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ቀበሌው ይጠየቅ።

አባልነቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የእድሳቱ ወቅት ብዙ ጊዜ ከመኸር በኋላ ነው። ታኅሣሥ ላይ ደውላችሁ ቀኑን አረጋግጡ። «ታድሷል» የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ፤ የደረሰኙና የታደሰው ገጽ ፎቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ። ሳይታደስ የቀረ ደብተር የሚታወቀው በሽተኛው ካርድ ክፍል ደርሶ ሲመለስ ነው።

መንገዱ የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ያለ ሪፈር በቀጥታ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ወይም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ሪፈሩም ጊዜው ሲያልፍ እንደገና ይጻፋል፤ አልጋ ላይ ላለ ሰው ቤተሰብ አድካሚው ይሄ ነው። ደብተሩን፣ ሪፈሩንና የቀጠሮ ካርዱን አንድ ላይ የሚይዝ አንድ ሰው ይሰየም። ሦስት ልጆች በየተራ ሲይዙት ወረቀት ይጠፋል። መድኑ ውል ከያዘባቸው ተቋማት ውጭ ስለማይሠራም፣ ወላጅን አዲስ አበባ ለማሳከም ካሰባችሁ በመድኑ አትተማመኑ።

ኪስ የሚያራቁተው መድኃኒት ነው። የሆስፒታሉ ፋርማሲ «የለም» ሲል ዝም ብሎ ውጭ መግዛት ልማድ ሆኗል። ማዘዣው ላይ «የለም» የሚለውን ማኅተም አስመትቶ፣ ከግል መድኃኒት ቤቱ ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀብሎ፣ ሁለቱንም ይዞ መድን ጽሕፈት ቤት ሄዶ ተመላሽ መጠየቅ ይሻላል። በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ማንም አይቀበልም።

አሁን ወደ ቤቱ። አስታማሚ የሚገኘው በሰው በሰው ነው፤ ዋጋውም በድርድር። ወጥ ሠሪዋ «እግረ መንገዷን» ታስታምማለች ማለት ሁለቱንም ማበላሸት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ውስጥ ቅጥርን ስለማይሸፍን ደመወዙ፣ የሌሊቱ ሥራና የዕረፍት ቀኑ በጽሑፍ ይስፈር። አስታማሚዋ በሽተኛው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት እዚያው ሄዳ ነርሶቹ ሲያገላብጡና ሲያጥቡ ትይ፤ የመውጫ ወረቀቱም ፎቶ ይነሣ።

መገላበጥ ያለበት በየ2 ሰዓቱ ነው፣ ሌሊትም ጭምር። የአየር ፍራሽ ሥራውን ያቀልላል እንጂ አያስቀረውም። የሽንት ቱቦ ካለ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ በታች ይንጠልጠል፤ አልጋው ላይ ከተቀመጠ ሽንቱ ይመለስና ኢንፌክሽን ያመጣል። የላቴክስ ቱቦ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ የሲሊኮን እስከ 12 ሳምንት ይቆያል። ሲሊኮኑ ቢወደድም የነርሷን ምልልስ ስለሚቀንስ እሱን ግዙ። ከረጢቱ ለሰዓታት ባዶ ሆኖ ሆድ ከተነፋ ቱቦው ተደፍኗል ማለት ነውና ቀጠሮ ሳይጠበቅ ይሂዱ።

የደሴ ብርድ ሌላ ጣጣ አለው። ስትሮክ ያደነዘዘው እግር ሙቀት አይሰማውም፤ ለማሞቅ የተቀመጠ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ቆዳውን ሲያቃጥል በሽተኛው ዝም ይላል። ካልሲና ብርድ ልብስ ይበቃል። የከሰል ምድጃ ደግሞ በራሱ ተነሥቶ በር መክፈት የማይችል ሰው በተኛበት ዝግ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ።

በቪዲዮ ስትደውሉ ፊታቸውን ብቻ አትዩ። አስታማሚዋ በየሳምንቱ ተረከዛቸውን ታሳያችሁ፤ ዳሌያቸውንና ጭራ አጥንታቸው ያለበትን ቦታ ደግሞ ለሚያፍሩት ሰው መተው ስለማይገባ እህት ወይም ነርስ ትይላችሁ። የቀላው ቦታ በጣት ሲጫኑት ካልነጣ ቁስል ጀምሯል ማለት ነው፤ በዚያ ጎን መተኛት ቆሞ በዚያው ቀን ነርስ ትጠራ።