ወደ ሚሲሲፒ በበቆሎ አገር ስትነዱ

በየዓመቱ እንግዳ ይዤ ከቺካጎ በዩኤስ 20 አውራ ጎዳና ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር እስካለችው የአይዋዋ ከተማ ዱቡክ እነዳለሁ። አዲስ ሰው የሚሠራው ስህተት ግን ሁሌም ያው ነው። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የእርሻ ማሽን ደርቦ ማለፍ ነው። ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር አጨዳ ነው። ኮምባይነሩም፣ ጋሪ የሚጎትተው ትራክተርም አስፋልት ላይ ይወጣል። ከኋላው የተለጠፈው ብርቱካናማ ሦስት ማዕዘን በዝግታ እንደሚሄድ ይነግራችኋል። እናንተ በ55 ማይል፣ እሱ በ20 ከሆነ በመካከላችሁ ያለው መቶ ሜትር ከሰባት ሰከንድ ባነሰ ያልቃል። ምልክቱን እንዳያችሁ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ።

ዋናው አደጋ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ትራክተሩ ወደ ቀኝ ጠጋ ይላል። «እለፍ እያለኝ ነው» ትላላችሁ። አይደለም! ረጅም ጋሪ ስለያዘ በግራ ወዳለው ማሳ ለመታጠፍ ቦታ እያሰፋ ነው። እናንተ በግራ ስትወጡ እሱም ወደ ግራ ይገባል። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ይሄንኑ ሠርቻለሁ። ባለቤቴ «ሊታጠፍ ነው!» ብላ ስትጮህ ነው ፍሬን የያዝኩት። ከጋሪው ጎማ ጋር አንድ ክንድ ያህል ቀርቶን ነበር። ልጆቻችን ከኋላ ተቀምጠዋል። እስካሁን ሳስበው ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። በግራ በኩል የማሳ መግቢያ አለመኖሩን ሳታረጋግጡ በጭራሽ አትደርቡ። ፍሬቻ ባይታያችሁም አትመኑ፣ አቧራ ሸፍኖት ይሆናል። ደግሞስ ሁለት ማይል ሙሉ ከኋላው ብትከተሉት የምታጡት አራት ደቂቃ አይሞላም።

ጂፒኤስ አቋራጭ ሲያሳያችሁ ዘው ብላችሁ ፒስታ አትግቡ። የ1785ቱ የመሬት ሕግ አገሩን በማይል ካሬ ስለሸነሸነው፣ ሜዳው ላይ የገጠር መንገዶች በየማይሉ ይገናኛሉ። አንዳንዱ መስቀለኛ የቁም ምልክት የለውም። ያልታጨደ በቆሎ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ ከጎን የሚመጣውን ይሸፍናል። ምልክት ባይኖርም ቀስ ብላችሁ ግራ ቀኝ እዩ። ጠጠር ላይ ፍሬን በኃይል አትርገጡ።

አጋዘን ሲመሽና ሲነጋ ይወጣል፣ በተለይ በኖቬምበር። ፍሬን ያዙ እንጂ መሪ አትጠምዝዙ። አንዱ ካለፈ ሌላው ይከተላል።

የጾም ቀን ከሆነ ምግብ ከቤት ያዙ። የገጠር ማደያ የሚሸጠው ፒዛና ሳንድዊች ነው፣ አይብና ሥጋ የሌለው ማግኘት ይከብዳል።

ካርታውንም አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ጋሊና ከተማ ሳትደርሱ ሜዳው ያልቅና ኮረብታ ይጀምራል። ጥንት የበረዶ ግግር ሳይደፈጥጠው ያለፈ አገር ስለሆነ ነው። እዚያ ኔትወርክ ይቆራረጣል።

የሚያሳዝነኝ ደግሞ የሚሲሲፒ ድልድይ ጋ ፎቶ ተነስቶ የሚመለስ ሰው ነው። ይሄን ሁሉ ነድታችሁ! ዱቡክ ውስጥ ኢግል ፖይንት ፓርክ ውጡ። ከገደሉ ሥር በ1930ዎቹ የተሠራው የወንዙ ቁጥር 11 ግድብ አለ። ከጎኑ ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የውሃ በር አለው። አንድ ገፊ ጀልባ እስከ 15 ባርጅ (ሞተር የሌለው ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ) አንድ ላይ አስሮ ይመጣል። የሚገቡበት ክፍል ርዝመቱ 600 ጫማ ስለሆነ ሁሉም ባንዴ አይገቡም። ለሁለት ይከፍሏቸውና በየተራ ያሳልፏቸዋል። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። በብርድ ወራት ወንዙ ስለሚዘጋ በአጨዳው ሰሞን ሂዱ።

አንድ ዓመት ከጎጃም የመጡ አጎቴን ወሰድኳቸው። ዕድሜያቸውን ያረሱ ሰው ናቸው። መንገዱን ሙሉ «ይሄ ሁሉ በቆሎ የት ይገባል?» ሲሉኝ ነበር። ከብት ይቀለባል፣ ነዳጅ ይሆናል አልኳቸው። ብዙም አላረካቸውም። ፓርኩ ላይ ሆነን ባርጆቹ ሲመጡ ግን፣ ከዚህ እህል ጭነው እስከ ኒው ኦርሊንስ እንደሚወርዱ፣ ከዚያ በመርከብ ባሕር እንደሚሻገር ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያዎቹ ባርጆች እንዳለፉ «እንሂድ?» አልኳቸው።

«ቆይ ልጄ፣ የቀሩት ይለፉ» አሉኝ።