የማርጂን ውል ከመፈረም በፊት የሚሠራ ስሌት

አሜሪካ ውስጥ በአክሲዮን ደላላ ድርጅት ዘንድ ሒሳብ የሚከፍት ሰው ከሚሞላቸው ጥያቄዎች አንዱ ሒሳቡ የጥሬ ገንዘብ ይሁን ወይስ የማርጂን የሚለው ነው። ብዙ ሰው ማርጂን ሰፋ ያለ መብት የሚሰጥ እየመሰለው ምልክት አድርጎበት ያልፋል፤ የፈረመው ግን አክሲዮን በብድር ለመግዛት የሚያስችል የብድር ውል ነው። አበዳሪው ደላላው ሲሆን፣ መያዣው ደግሞ በሒሳቡ ውስጥ ያለው ንብረት በሙሉ ነው።

ማርጂንን "ቀብድ" እያሉ የሚያስረዱ አሉ፤ ይህ አጠራር ከማስረዳት ይልቅ ያሳስታል ባይ ነኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚደነግገው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ትቶ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ ኪሳራውም እዚያው ላይ ይቆማል። በማርጂን ግን ያስያዙትን ትቶ መሄድ የለም፤ የአክሲዮኑ ዋጋ ከብድሩ በታች ከወረደ ልዩነቱ የደንበኛው ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

የሚጠየቀው ማስያዣ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በግዢው ዕለት የሚታይ ሲሆን፣ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው የፌዴራል ሪዘርቭ ቦርድ "ሬጉሌሽን ቲ" በሚባለው ደንቡ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በ50 በመቶ ላይ አጽንቶታል፤ ማለትም ከአክሲዮኑ ዋጋ ቢያንስ ግማሹ የገዢው የራሱ ገንዘብ መሆን አለበት። ሒሳቡ ውስጥም በአጠቃላይ ቢያንስ 2,000 ዶላር ያህል የራስ ገንዘብ መኖር ይኖርበታል፤ ሊገዛ የታሰበው ከዚያ ያነሰ ከሆነ ሙሉ ዋጋው ይከፈላል። ሁለተኛው ከግዢው በኋላ በየቀኑ የሚለካው የማቆያ ማስያዣ፣ ማለትም ከአክሲዮኑ የዕለቱ ዋጋ ውስጥ የደንበኛው የራሱ ሆኖ መቆየት ያለበት ድርሻ ነው። የደላሎች ተቆጣጣሪ የሆነው ፊንራ ዝቅተኛውን ወለል 25 በመቶ አድርጎታል፤ ደላላው ግን ከዚያ ከፍ ያለ የራሱን መጠን የማስቀመጥ መብት አለው፣ ብዙዎቹም 30 ወይም 35 በመቶ፣ ዋጋው በሚዋዥቅ አክሲዮን ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ይጠይቃሉ። ስለዚህ በውሉ ውስጥ በቅድሚያ መፈለግ ያለበት ቁጥር የደላላው እንጂ የሕጉ አይደለም።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ የሚሠራው ስሌት አጭር ነው። አንድ ሰው እያንዳንዱን በ50 ዶላር 200 አክሲዮን ገዛ እንበል፤ ጠቅላላው 10,000 ዶላር ሲሆን 5,000ው የራሱ፣ 5,000ው የደላላው ነው። ደላላው 35 በመቶ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ብድሩን ለ0.65 (ከ100 በመቶ 35 ሲቀነስ ለሚቀረው) ማካፈል ነው፤ የሚመጣው 7,692 ዶላር ገደማ፣ በአክሲዮን ሲታሰብ 38.46 ዶላር ነው። አክሲዮኑ ከዚህ ዋጋ በታች በወረደ ጊዜ ማርጂን ኮል፣ ማለትም ማስያዣው ስለጎደለ ሙላ የሚል የደላላው ጥሪ ይመጣል። በ25 በመቶ ወለል ቢሆን ኖሮ ዋጋው እስከ 33.33 ዶላር መውረድ ይችል ነበር። እኔ ይህን የጥሪ ዋጋ ከመግዛቴ በፊት በወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ፤ የወለዱን ነገር ስለማያስረሳኝ ነው። ወለዱ በየቀኑ እየታሰበ በብድሩ ላይ ይደመራል፤ በዓመት 10 በመቶ ቢሆንና ምንም ባይከፈል፣ ከዓመት በኋላ ብድሩ 5,500 ዶላር ገደማ ይደርሳል፣ የጥሪ ዋጋውም ወደ 42.31 ዶላር ከፍ ይላል። አክሲዮኑ ባይንቀሳቀስም ገደቡ ራሱ ወደ ላይ እየቀረበ ይመጣል ማለት ነው።

አሁን አክሲዮኑ 36 ዶላር ገባ እንበል። የንብረቱ ዋጋ 7,200፣ ብድሩ ሲቀነስ የራስ ድርሻ 2,200 ዶላር ነው፤ የሚፈለገው 35 በመቶ ግን 2,520 ዶላር ስለሆነ 320 ዶላር ይጎድላል። ደንበኛው 320 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ቢያስገባ ጉዳዩ ያበቃል። አክሲዮን ሸጦ ሊሞላው ከፈለገ ግን 320ን ለ0.35 ማካፈል አለበት፤ ወደ 914 ዶላር የሚያወጣ፣ ማለትም 26 አክሲዮን ይሸጣል። ምክንያቱም ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ብድሩን ይቀንሳል እንጂ የራስ ድርሻን አያሳድግም። በጥሬ ገንዘብና በሽያጭ መካከል ያለውን ይህን ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት ብዙ ሰው የሚያውቀው ጥሪው ከመጣ በኋላ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በእርጋታ መነበብ ያለበት፣ ደላሎች ለደንበኛ እንዲሰጡ የሚገደዱበት የማርጂን መግለጫ ነው። በዚያ ላይ በግልጽ እንደተጻፈው፣ ደላላው ደንበኛውን ሳያነጋግር አክሲዮኑን መሸጥ ይችላል፤ የትኛው እንደሚሸጥ የሚመርጠውም እሱ ነው፤ የማቆያውን መጠን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ መጨመር ይችላል፤ ደንበኛውም ቀነ ገደብ እንዲራዘምለት የመጠየቅ መብት የለውም። "በአራት ቀን ውስጥ ይሙሉ" የሚል መልእክት ቢደርስ እንኳ ገበያው በማግስቱ ከወደቀ ደላላው አራቱን ቀን የመጠበቅ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ መልእክቱን እንደ ቀጠሮ አለመቁጠር ይበጃል። በሽያጩ ትርፍ ከተገኘ ግብሩም የሚመጣው በደንበኛው ስም ነው።

ሌላው ብዙም የማይነበበው አንቀጽ፣ ደላላው የብድሩን 140 በመቶ ያህል ዋጋ ያላቸውን አክሲዮኖች በተራው ለሌላ እንዲያስይዝ ወይም እንዲያበድር የሚፈቅድለት ነው፤ በምሳሌያችን እስከ 7,000 ዶላር ማለት ነው። አክሲዮኑ ተበድሮ በነበረበት ጊዜ በጉባኤ ድምፅ መስጠት ሊቀር ይችላል፤ በትርፍ ድርሻ ምትክ የሚከፈለው ገንዘብም የትርፍ ድርሻ የሚያገኘውን ዝቅ ያለ የግብር መጠን አያገኝም።

መበደር የማይፈልግ ሰው ሒሳቡ ወደ ጥሬ ገንዘብ እንዲዛወርለት ደላላውን መጠየቅ ይችላል፤ ለዚህም በቅድሚያ የተበደረውን ከፍሎ መጨረስ አለበት። ለማርጂን ሒሳብ ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ የሽያጭ ገንዘብ እስኪገባ አለመጠበቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 28 ቀን 2024 ወዲህ ግን የአሜሪካ አክሲዮን ሽያጭ በአንድ የሥራ ቀን ስለሚጠናቀቅ፣ የሚጠበቀው እስከ ማግስቱ ብቻ ነው።